ዋጋ የሚያውቅ ፊልም
(የተራ ተመልካቾች አስተያየት)

ሐያስያን አይደለንም። ይህን አስቀድመን እንናገር፤ በኋላ «ማን ፈቀደላችሁ?» እንዳንባል። ስለ ካሜራ አያያዝ፣ ስለ ብርሃንና ጥላ በትምህርት ያገኘነው ዕውቀት የለንም። ቅዳሜ ማታ ከጥናት ስንወጣ ኪሳችን ከፈቀደ ሲኒማ ቤት የምንገባ፣ ካልፈቀደም የመኝታ ክፍላችን ግድግዳ ላይ አንሶላ ወጥረን ያገኘነውን የምናይ ተራ ተመልካቾች ነን። የህንዱንም፣ የጣሊያኑንም፣ የአሜሪካኑንም፣ የአገራችንንም ሳንመርጥ እናያለን። ካየን በኋላ ደግሞ እንደ ማንኛውም ተማሪ እስከ እኩለ ሌሊት እንጨቃጨቃለን።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ከነዚህ ምሽቶች የሁለቱ ነገር ነው። በመጀመሪያው ምሽት «ማዘር ኢንዲያ» የተባለውን የህንድ ፊልም እያየን ሳለ ከመሐላችን አንዱ ጓደኛችን ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ። አንዱ አይቶት «እንዴ! የህንድ ፊልም አይቶ የሚያለቅስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ!» ሲል ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኛም ሳቅን። ልጁ ሳይናገር ተነስቶ ወጣ። በሁለተኛው ምሽት ያየነው የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። እውነቱን ከተናገርን ግማሾቻችን ተኝተን ነበር። በማግስቱ ግን ካፌ ተቀምጠን «ድንቅ ሥራ ነው» እያልን ስናመሰግን ዋልን።

እንግዲህ አንዱን ሰው በእውነት ስላለቀሰ አሾፍንበት፤ አንዱን ፊልም ደግሞ በቅጡ ሳናየው አሞገስነው። ሁለቱም ውሸት ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ፊልሞች ከሌሎች ጋር አድርገን እንደገና አየናቸው። ከዚህ በታች ያለው ያንን ዕዳ ለመክፈል የተጻፈ ነው።

ለመሆኑ አንድን ፊልም «ጥሩ ነው» ወይም «አይረባም» የምንለው በምን መለኪያ ነው? ጓደኞቻችን ሁለት ዓይነት መልስ አላቸው። አንደኛው ወገን አገሩን ያያል፤ ህንድ ከሆነ ዘፈንና ለቅሶ ነው፣ አሜሪካን ከሆነ ተኩስ ነው ብሎ ሳያየው ይፈርዳል። ሌላው ወገን ስሙንና ሽልማቱን ይቆጥራል፤ ታላላቆቹ ካመሰገኑት እሱም ያመሰግናል፣ ካላመሰገኑት ዝም ይላል። ሁለቱም ወገኖች የሚመሳሰሉበት አንድ ነገር አለ፦ ሁለቱም ሸራውን አያዩም።

እኛ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ የደረስንበት መለኪያ ከገበያ የመጣ ነው። ባለጠጋ ሰው ዕቃ ቢጠፋበት ሌላ ይገዛል። ደሃ ግን በእጁ ያለችውን አንዲት ነገር ዋጋ ጠንቅቆ ያውቃል፤ በስንት ድካም እንዳገኛት፣ ብትጠፋ ምን እንደሚከተል ሌሊት ሲያስብ ያድራል። ፊልሙስ ያውቃል ወይ? በሰውየው እጅ ያለችው ነገር ስንት እንደምታወጣ ካወቀና እኛንም ካሳወቀን ቢዘፈንበትም ባይዘፈንበትም ጥሩ ፊልም ነው። ካላወቀ ግን ሽልማት በሽልማት ቢሆን እኛን አያሞኘንም።

ይህን መለኪያ ያስተማረን ቪቶሪዮ ዴ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1948 ሮም ውስጥ የሠራው «የብስክሌት ሌቦች» ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሥራ የለም። አንቶኒዮ ሪቺ የሚባል ሥራ ፈት ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል። ለሥራው ብስክሌት ግድ ነው፤ የሱ ብስክሌት ደግሞ መያዣ ገብታለች። ሚስቱ ማሪያ የአልጋቸውን አንሶላ ገፍፋና ጠቅልላ መያዣ ቤት ትወስዳለች። አንሶላው ገብቶ ብስክሌቷ ትወጣለች። የመያዣ ቤቱ ሠራተኛ ያን ጥቅል ይዞ መደርደሪያውን ሽቅብ ሲወጣ እናያለን፤ መደርደሪያው ወደ ላይ በሌሎች ሰዎች ጥቅል ተሞልቷል። በሮም ስንቱ ቤተሰብ ያለ አንሶላ እንደሚተኛ ማንም ንግግር ሳያደርግልን ገባን። እኛም ፊልሙን የምናየው በአንሶላ ላይ ነበርና ከመሐላችን አንዱ «የኛንስ በስንት ይይዙልን ይሆን?» ቢል ሳቅን። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

ብስክሌቷ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ትሰረቃለች። ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ሲያመለክት መዝግበው ያሰናብቱታል፤ ለነሱ አንዲት ብስክሌት ናት፣ በቃ። ዋጋ የማያውቅ ሰው ማለት ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ፊልሙ አባትና ትንሹ ልጅ ብሩኖ ከተማውን ሲያስሱ የሚያሳይ ብቻ ነው። በመካከሉ ግን አንድ ትዕይንት አለ። አባትየው ተስፋ ቆርጦ፣ ልጁንም በጥፊ መትቶት ከተጸጸተ በኋላ «ና እንብላ» ብሎ ሆቴል ያስገባዋል። አጠገባቸው ያሉት ሀብታሞች በብዙ ሳህን ይበላሉ። አባት ትንሽ እንደቀማመሰ ለልጁ እርሳስ ሰጥቶ ሥራው ባይጠፋ ኖሮ በወር ያገኝ የነበረውን ደመወዝ ያስደምረዋል። ምግቡ አፉ ውስጥ ሳለ ሒሳቡ ያንቀዋል። እኛ ከወር እስከ ወር በቆጠራ የምንኖር ተማሪዎች ይህን ትዕይንት ለመረዳት መምህር አያስፈልገንም።

መጨረሻው ይታወቃል፤ የተሰረቀው ሰው ራሱ ብስክሌት ሲሰርቅ በልጁ ፊት ይያዛል። ባለቤቱ ልጁን አይቶ ይምረዋል። ብሩኖ የአባቱን እጅ ይይዛል፤ ሁለቱም በሰው መካከል ይጠፋሉ። ፊልሙ ሌባውን አይሳደብም፣ አያመሰግንም። አንቶኒዮን ሆኖ የተጫወተው ላምቤርቶ ማጆራኒ በሙያው ተዋናይ ሳይሆን የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ብስክሌቷን ሲያነሳ የሚያሳየው የተጠና ሳይሆን የለመደ አያያዝ ነው።

አሁን ወደተሳቀበት ፊልም እንምጣ። «ማዘር ኢንዲያ» በመህቡብ ካን አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣ ነው። ነርጊስ የምትጫወታት ራዳ ሙሽራ ሆና መንደር ስትገባ አማቷ ለሠርጉ ከሱክሂላላ 500 ሩፒ በአራጣ ተበድራለች። አማትየው ማንበብ አታውቅም፤ ወረቀቱ ላይ ያተመችው በጣቷ ነው። የመንደሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ለአበዳሪው ይፈርዱለታል፦ ከምርቱ ሦስት አራተኛው ለወለድ፣ አንድ አራተኛው ለቤተሰቡ። ዋናው ብድር ደግሞ እንዳለ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ ነው ጓደኛችን ያለቀሰው። በኋላ ሄደን ይቅርታ ስንጠይቀው የነገረን ይህ ነው፦ አያቱ የጭሰኛ ሚስት ነበሩ፤ እሳቸውም ያላነበቡት ወረቀት ላይ በጣታቸው አትመው ያላቸውን አጥተዋል። «ዘፈኑን አልሰማሁትም፤ ጣቷን ነው ያየሁት» አለን። ሲሶ አራሽ፣ እኩል አራሽ፣ ወለድ አገድ የሚሉትን ቃላት እኛ ከታሪክ መጽሐፍ አጥንተን ፈተና ላይ ጽፈናቸዋል። የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መታወጁንም እናውቃለን። እሱ ግን ከቤቱ ነው የሚያውቀው። ታዲያ ያን ምሽት ፊልሙን በትክክል ያየው ማን ነበር?

«ማዘር ኢንዲያ» ጉድለት የለውም አንልም። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። አራጣ አበዳሪው ዓይኑ ሲያርፍብን ገና ክፉነቱ ይታወቃል፤ እንዲህ በግልጽ ክፉ የሆነ ሰው ቢሆን ኖሮ መጠንቀቅ ቀላል ነበር። ከሁሉ በላይ ያጨቃጨቀን ግን መጨረሻው ነው። የራዳ ልጅ ቢርጁ ሽፍታ ሆኖ አበዳሪውን ይገድላል፤ የሒሳብ መዝገቡን ያቃጥላል፤ የአበዳሪውንም ልጅ ከሠርጓ ጠልፎ ሊሄድ ሲል እናቱ በጥይት ትጥለዋለች፤ የመንደሩን ሴት ልጅ ክብር አላስደፍርም ብላ። ጠለፋውን በማስቆሟ ከመሐላችን የሚቃወም የለም። ነገር ግን ፊልሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያስከፍለው እሷን ብቻ ነው፤ ባሏን ከፈለች፣ ሕፃናቷን ከፈለች፣ በመጨረሻም ልጇን ከፈለች። ለአበዳሪው የፈረዱት ሽማግሌዎች ግን ማንም ሳይጠይቃቸው ይቀራሉ። ፊልሙ ዋጋውን ያውቃል፤ ከፋዩን ግን አልለወጠም። ለኛ ትልቁ ጉድለቱ ዘፈኑ ሳይሆን ይህ ነው።

ለንጽጽር ሌላ የህንድ ፊልም እንውሰድ፤ ራሜሽ ሲፒ እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው «ሾሌይ»። አሚታብ ባቻንና ዳርሜንድራ ያሉበት፣ ሦስት ሰዓት ሳይሰለች የሚታይ ፊልም ነው፤ ቦምቤይ በነበረው ሚነርቫ ሲኒማ ከአምስት ዓመት በላይ ታይቷል። እኛም ሁለት ጊዜ አይተነዋል፤ ሦስተኛም እናያለን፤ ምን ይደብቃል? ሁለቱን ፊልሞች የሚያስተያይ አንድ ነገር ግን አለ። በሁለቱም ውስጥ ሁለት እጁን ያጣ ሰው አለ። በ«ሾሌይ» የቀድሞው የፖሊስ መኮንን ታኩር እጆቹን በሽፍታው በጋባር ሲንግ ተቆርጧል። ይህን የምናውቀው ሽፍቶች መንደሩን ባጠቁ ጊዜ እግሩ ሥር የወደቀውን ጠመንጃ ሳያነሳ ሲቀርና በኋላ ኩታው ሲገለጥ ነው፤ ያስደነግጣል፣ ጥሩ ተደርጎ ተሠርቷል። ከዚያ በኋላ ግን እጅ ማጣቱ ለበቀል ምክንያት ከመሆን በቀር ሥራ የለውም። ታኩር ቤት አለው፣ አገልጋይ አለው፣ ገንዘብ ከፍሎ ሌሎች ሰዎች እንዲዋጉለት ያደርጋል። በ«ማዘር ኢንዲያ» ግን የራዳ ባል ሻሙ ድንጋያማ መሬት ሊያቀና ሲታገል ቋጥኝ እጆቹን ይጨፈልቃቸዋል። ገበሬ ያለ እጅ! ማን ያርሳል? ማንስ ያጎርሰዋል? ሚስቱ ታጎርሰዋለች፤ እሱም በኀፍረት ተቃጥሎ አንድ ሌሊት ቤቱን ጥሎ ይጠፋል፤ አይመለስም። አንዱ ፊልም የተቆረጠ እጅ አሳየን፤ ሌላው የእጅን ዋጋ አሳየን። ሁለቱም ህንድ ናቸው፣ ሁለቱም ይዘፈንባቸዋል። እንግዲህ «የህንድ ፊልም» ብሎ በአንድ ቃል መፍረድ የት ላይ ነው ፍርድነቱ?

አሁን ወደ አፍሪካችን እንመለስ። የሴኔጋሉ ደራሲና የፊልም ሰው ኡስማን ሴምቤን ከራሱ ልብ ወለድ ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1968 የሠራው «ማንዳቢ» በዎሎፍ ቋንቋ የተሠራ ነው። «ማንዳቢ» ማለት ሐዋላ ማለት ነው። ዳካር ውስጥ ሁለት ሚስቶች ያሉት ሥራ ፈቱ ኢብራሂማ ዲየንግ ፓሪስ መንገድ ከሚጠርገው የዘመድ ልጅ 25,000 ፍራንክ ይላክለታል። ከዚህ ውስጥ የሱ ድርሻ 2,000 ብቻ ነው፤ 3,000 ለላኪው እናት፣ 20,000 ደግሞ የሚቀመጥ ነው። ጎረቤት ግን ይህን መቼ ጠይቆ! ሐዋላው ገና ሳይመነዘር ሚስቶቹ ሩዝ በዱቤ አምጥተዋል፤ ሰፈሩም ሊበደር በሩ ላይ ተሰልፏል።

ፖስታ ቤት ሲሄድ መታወቂያ አምጣ ይሉታል። መታወቂያ ሊያወጣ ሲሄድ የልደት ወረቀት። የልደት ወረቀት ሊያወጣ ሲሄድ የተወለድክበት ቀን። ፎቶግራፍ ሊነሳ ሲሄድ ገንዘቡን ወስደው ፎቶው አልወጣም ይሉታል፤ ሲጮህ ደግሞ አፍንጫው እስኪደማ ይመቱታል። በመጨረሻ «እኔ ላውጣልህ» የሚል የተማረ ዘመድ ተገኝቶ ውክልናውን ይወስድና ገንዘቡን ይበላል፤ ተሰረቅሁ ብሎ።

እኛ ይህን ስናይ ከመሳቃችን የተነሳ አንሶላው ሊወድቅ ነበር። ምክንያቱም ከመሐላችን በአንድ ወረቀት ምክንያት ከመስኮት ወደ መስኮት ያልተመላለሰ የለም፤ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ይቅር። ውጭ አገር ዘመድ ያለውም ያውቀዋል፤ የተላከው ብር ሳይደርስ ወሬው ይደርሳል። ይሁን እንጂ ሴምቤን የሚያስቀን በኢብራሂማ ላይ ብቻ አይደለም። ኢብራሂማ ራሱ ጉረኛ ነው፤ ሚስቶቹን ያዛል፣ ጠግቦ ይተኛል፣ የሌለውን ይሰጣል። ፊልሙ «ደሃ ነውና ቅዱስ ነው» አላለም፤ ከ«ማዘር ኢንዲያ» የሚበልጠውም በዚህ ነው። ሌላም የሚቆጠቁጥ ነገር አለ፦ ገንዘቡን የበላው ሱፍ የለበሰ፣ ፈረንሳይኛ የሚችል፣ የተማረ ሰው ነው። ይህን ጽሑፍ የምታነቡት ሁላችሁ ነገ መስኮት ውስጥ የምትቀመጡ ናችሁ። እኛም ነን።

በመጨረሻ ወደተኛንበት ፊልም። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እ.ኤ.አ. በ1974 ዘውዱ በወረደበት ዓመት በሁለት ሳምንት ጊዜ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ ነው። ኃይሌ ገሪማ ያኔ አሜሪካን አገር የፊልም ተማሪ ነበር፤ ተማሪ ነበር የምንለው ለራሳችን ማስታወሻ እንዲሆን ነው። ተዋናዮቹ በሙያው የሠለጠኑ አይደሉም። ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።

በሁለተኛው እይታ ለምን እንደተኛን ገባን። ገበሬው ሲያርስ ፊልሙ አይቸኩልም፤ በሬዎቹ ሲሄዱ ካሜራው አብሮ ይሄዳል። እኛ የለመድነው ሰውዬው ሞፈሩን ሲያነሳ አይተን ወዲያው ማሳው ታርሶ ማየት ነው። እዚህ ግን ድካሙ አልተቆረጠልንም። ባለመሬቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያዛል፤ ገበሬውና ቤተሰቡ ከንጋት እስከ ምሽት ይሠራሉ። ሁለቱ ጊዜያት ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ማለትም የተቀማጩ ጊዜና የሠሪው ጊዜ፣ ርዝመቱ የፊልሙ ጥፋት ሳይሆን የፊልሙ ነገር መሆኑን ተረዳን። በሌሎቹ ፊልሞች ዋጋው የብስክሌት፣ የእህል፣ የሐዋላ ነበር። እዚህ ዋጋው የሰው ዕድሜ ነው።

ከዚያ ላሟ ትመጣለች። ከብት ጠባቂዋ ልጅ የባለመሬቱን ላም ከጎርፍ ላድን ብላ ውሃ ይወስዳታል። ብስክሌት ብትጠፋ አባትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ቤት ተመለሱ። እዚህ ግን ዕቃው ከሰው በልጧል፤ ልጅቷ ከላሟ ያነሰች መሆኗን ከልጅነቷ ጀምሮ ስለተማረች ነው ውሃ የገባችው። በኛ አስተያየት ከዚህ የከፋ የዋጋ ስህተት በየትኛውም ፊልም አላየንም፤ ኃይሌ ይህን ያሳየው ያለ ብዙ ልቅሶ ነው።

እዚህም የማንቀበለው አለ። መሬቱን የተቀማው፣ ሰው እንደ እብድ የሚቆጥረው ከበበ ብዙ ይናገራል። እብድ ተብሎ እውነት የሚናገር ሰው በአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ያምራልም። አንዳንዴ ግን ከበበ የሚነግረን ዓይናችን ቀድሞ ያየውን ነው። ወንበሩንና ማሳውን አይተን ለጨረስን ሰዎች ንግግሩ ትርፍ ነው። በመጨረሻ ባለመሬቱን በዱላ ሲገድለው ግን አይሰብክም፤ ያ ዝምታ ከንግግሮቹ ሁሉ ይበልጣል።

«ይህ መለኪያችሁ ሳቅንና ጨዋታን ሊከለክል ነው» የሚለን አይጠፋም። አይደለም። ቻርሊ ቻፕሊን እ.ኤ.አ. በ1936 በሠራው «ዘመናዊ ጊዜ» ውስጥ አንድ የማጉረሻ መኪና አለች፤ ሠራተኛው ለምሳ ሥራ እንዳያቆም ታስባ የተሠራች። ቻርሊን አስራ ስታጎርሰው ትበላሽና በበቆሎው ጥርሱን ትፈገፍገዋለች። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። መኪናዋ ልትወስድበት የነበረው ግን የምሳ ሰዓቱን ነው፤ በቀኑ ውስጥ የራሱ የሆነችውን አንዲት ነገር። ቻፕሊን የሰዓቷን ዋጋ ባያውቅ ኖሮ ቀልዱ በቆሎ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

የኛ አስተያየት እዚህ ላይ ያበቃል። የተራ ተመልካች አስተያየት ስለሆነ ይናቅ አንልም፤ ተራ ስለሆነ ብቻ ይከበርም አንልም። ለምን እንደወደደና ለምን እንደጠላ ሸራው ላይ ባየው ነገር ያስረዳ፤ ያ ይበቃል። ለለቅሶው ምክንያት ያለው ጓደኛችን ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረድቶ ነበር፤ እኛ ግን ብዙ ገጽ ፈጀብን።

በነገራችን ላይ ያ ልጅ ይቅርታችንን ተቀብሎናል። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ለሁለተኛ ጊዜ ስናይም አብሮን ነበር፤ እንቅልፍ ሲጫጫነን በክርኑ የሚቀሰቅሰን እሱ ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ አላለቀሰም። «ይሄን ለእናቴ ባሳያት ደስ ይለኝ ነበር» ብሎ አንሶላውን አወረደና አጣጥፎ አልጋው ላይ አነጠፈው፤ አንሶላው የሱ ነበርና። የተለየ አስተያየት ያላችሁ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ዕትም እንከራከራለን።